ትልቁን ቴሌቪዥን የሚሸከመው ግድግዳው ነው

ጥያቄ፦ ቤታችን ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ነው፤ ግድግዳው ብሎኬት ሆኖ በሲሚንቶ የተለሰነ ነው። 65 ኢንች ቴሌቪዥን ገዝተናል። ከሶፋውም ከምግብ ጠረጴዛውም እንዲታየን ወደ ፊት እየተሳበ ግራና ቀኝ የሚዞረውን ባለ ክንድ ብራኬት ለመግዛት አስበናል። ሻጩ 100 ኪሎ ይችላል ብሎናል፤ ፊሸሩም (ግድግዳው ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ቪቴውን የሚይዘው) ቪቴውም ካርቶኑ ውስጥ አለ። ይበቃናል?

መልስ፦ ብረቱ 100 ኪሎ ሊችል ይችላል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ግን ስለ ብረቱ እንጂ ስለ እናንተ ግድግዳ አይናገርም። የተሰቀለ ቴሌቪዥን ሲወድቅ ብራኬቱ ተሰብሮ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ብራኬቱ ደህና ሆኖ ፊሸሩ ከነልስኑ ተነቅሎ ነው የሚገኘው።

ሒሳቡን እንየው። 65 ኢንች ቴሌቪዥን እግሩ ወልቆ በአብዛኛው ከ20 እስከ 25 ኪሎ ይመዝናል። ግድግዳ ላይ ልጥፍ የሚለው ብራኬት ክብደቱን 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚያርቀው ብሎኖቹ የሚጫኑት ወደ ታች ነው፤ ይህን ደግሞ ግድግዳ በቀላሉ ይችለዋል። ክንዱ 50 ሳ.ሜ. ሲወጣ ግን 25 ኪሎው የላይኞቹን ብሎኖች ወደ ውጭ መንቀል ይጀምራል። የላይኛውና የታችኛው ብሎን ርቀት 20 ሳ.ሜ. ከሆነ 25 በ50 ተባዝቶ ለ20 ሲካፈል ከ60 ኪሎ በላይ ይሆናል። በልጥፉ ብራኬት ያው ሒሳብ 6 ኪሎ ገደማ ነው የሚሰጠው። ልዩነቱ አሥር እጥፍ ነው፤ የክንዱ የራሱ ክብደትና ልጅ ሲጎትተው የሚጨምረው ገና አልተቆጠረም።

አሁን ፊሸሩ ምን ውስጥ እንደሚገባ ተመልከቱ። ልስኑ ከ2 እስከ 3 ሳ.ሜ. ነው። ከእሱ ቀጥሎ ያለው የብሎኬቱ ፊት ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው። ካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው 5 ሳ.ሜ. ገደማ ፊሸር እንግዲህ ግማሹ የሚይዘው ልስን ነው። ልስን ደግሞ ብዙም አይሸከምም።

ስለዚህ የመጀመሪያ ምክራችን ክንዱን እንድትተዉት ነው። ወደ ታች ትንሽ የሚያዘነብለው ብራኬት የመስኮት ነጸብራቅን ይቀንሳል፣ ግድግዳውንም አያስጨንቅም። ሶፋውን በትንሹ ማዞር ከክንድ ይረክሳል። በሐይቁ በኩል ሰፊ መስኮት ካላችሁ ቴሌቪዥኑ መስኮቱን ፊት ለፊት እንዳያይ ከመስኮቱ ጎን ባለው ግድግዳ ላይ ይሁን።

ክንዱ የግድ ከሆነ መንገዱ ሦስት ነው። አንደኛው ኮለን (የቤቱ ምሰሶ) ላይ ማሰር ነው። ኮለኑ አርማታ ስለሆነ ባለ 10 ሚሊ ሜትር የብረት ፊሸር በደንብ ይይዘዋል፤ ፑንታው (የመብሻው ጫፍ) በአርማታው ውስጥ ያለውን ብረት፣ ፌሮውን፣ ከነካ ሳትታገሉ ሦስት ሳንቲ ሜትር ፈቀቅ ብላችሁ ሌላ ብሱ። ይህንኑ የብረት ፊሸር ግን ብሎኬት ላይ እንዳትሞክሩት፤ ሲጠብቅ እየሰፋ ስለሚሄድ የብሎኬቱን ፊት ይሰነጥቀዋል። ሁለተኛው፣ ብራኬቱ የሚያርፍበትን ብሎኬት ከፍቶ ባዶውን በኮንክሪት መሙላትና መልሶ መለሰን ነው። ከመበሳቱ በፊት ቢያንስ ሳምንት ውሃ እየጠጣ ይቆይ፤ 28 ቀን ቢሆን ይመረጣል።

ሦስተኛውና እኛ የምንመርጠው ከወዲያ ማዶ ማሰር ነው። ከግድግዳው ጀርባ ያለው ክፍል የራሳችሁ ከሆነ በያጅ ጋ ሄዳችሁ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 10 ሳ.ሜ. ስፋት ያላቸው በማዶው ክፍል በኩል ግድግዳው ላይ የሚያርፉ ሁለት ጠፍጣፋ ብረቶች አስቆርጡ፤ ርዝመታቸው ከብራኬቱ የግድግዳ ሳህን 10 ሳ.ሜ. ይብለጥ። ባለ 10 ሚሊ ሜትር፣ ዙሪያውን ጥርስ ያለው የብረት ዘንግ ግድግዳውን አልፎ በሁለቱም በኩል 3 ሳ.ሜ. እንዲተርፍ ይቆረጥ፤ ለባለ 20 ሳ.ሜ. ብሎኬት ከነልስኑ 31 ሳ.ሜ. አካባቢ ይሆናል። አራት ዘንግ፣ ስምንት ሮንዴላ፣ ስምንት ዳዶ ይበቃል። ብሎኬቱን ስትበሱ የትራፓኖውን (የመብሻ ማሽኑን) መዶሻ አጥፉት፤ በመዶሻ የተበሳ ብሎኬት ፊት ለፊት ደህና መስሎ ከውስጥ በኩል ተቦድሶ ነው የሚገኘው። መጀመሪያ በ6፣ ቀጥሎ በ10 ፑንታ ብሱ። ዳዶውን ሮንዴላው መዞር እስኪያቆም አጥብቁና ሩብ ዙር ብቻ ጨምሩ። ከዚያ ካለፈ ባዶው ብሎኬት ወደ ውስጥ ይደረመሳል።

ጥያቄ፦ ወደ ዘጌ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው የወላጆቼ ቤት ጭቃ ቤት ነው። 55 ኢንች ቴሌቪዥን ልሰቅልላቸው እፈልጋለሁ። አንዱ ባለሙያ ረጅም ፊሸር ይበቃል አለኝ።

መልስ፦ አይበቃም። ምርጊት ፊሸር አይዝም፤ ዛሬ ቢይዝ ነገ እየተፈረፈረ ይለቃል። ቴሌቪዥኑ መታሰር ያለበት ከቋሚው እንጨት ጋር ነው።

ቋሚዎቹን ለማግኘት ግድግዳውን በጣትዎ ያንኳኩ፤ ድምፁ በሚደነድንበት ቦታ ቀጭን ምስማር ይምቱ። ከምርጊቱ በኋላ ምስማሩ ከታገለዎት ጤነኛ እንጨት ነው። ያለ ትግል ከገባ ወይም ሲወጣ ዱቄት ይዞ ከመጣ ምስጥ ገብቶበታል፤ ያንን ቋሚ ከቁጥር ያስወጡት። እንጨቱ ክብ ስለሆነ መሐሉን ለማግኘት ግራና ቀኝ ጫፉን በምስማሩ ይለዩ። ቪቴ ከዳር ከገባ ቋሚውን ይሰነጥቀዋል።

ከዚያ 4 ሳ.ሜ. ውፍረትና 20 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው ደረቅ ጣውላ ሁለት ያዘጋጁ፤ እያንዳንዱ ቢያንስ ሦስት ጤነኛ ቋሚ ላይ ይረፍ። ጣውላው በሚያርፍበት መስመር ምርጊቱን እስከ እንጨቱ ይፋቁት። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ መሐል የቀረው ጭቃ ግን ቪቴው ሲጠብቅ ይደቅቅና ጣውላው ከወር በኋላ መወዛወዝ ይጀምራል። ባለ 8 ሚሊ ሜትር፣ ራሱ ባለ ስድስት ጎን የእንጨት ቪቴ፣ ርዝመቱ 10 ሳ.ሜ.፣ ለእያንዳንዱ ቋሚ ሁለት ሁለት ይጠቀሙ፤ በፊት በ5 ፑንታ መንገድ ይክፈቱለት። ቋሚው ቀጭን ከሆነ ቪቴው ወደ ማዶ ብቅ እንዳይል ቀድመው ይለኩ። ብራኬቱን ጣውላው ላይ ያስሩና ዙሪያውን መልሰው ያስመርጉት። የሚሆነው ልጥፉ ወይም የሚያዘነብለው ብራኬት ብቻ ነው፤ ባለ ክንዱን ለጭቃ ቤት አንመክርም። ጤነኛ ሦስት ቋሚ ካጡ ሰፊና ከባድ የእንጨት ጠረጴዛ ይግዙላቸውና ቴሌቪዥኑን በእግሩ ያቁሙት።

ጥያቄ፦ ብራኬቱን ሳልገዛ ቴሌቪዥኑ ላይ ምን ልለካ? ከፍታውስ ስንት ይሁን?

መልስ፦ ጀርባው ላይ አራት ቀዳዳ አለ። ከመሐል ወደ መሐል አግድሙንና ቁመቱን በሚሊ ሜትር ለኩ፦ 200 በ200፣ 300 በ300፣ 400 በ400 ወይም 600 በ400 ሊሆን ይችላል። የኢንቹን ቁጥር ብቻ ይዞ መግዛት ያሳስታል፤ ሁለት 55 ኢንች ቴሌቪዥኖች የተለያየ ልክ ሊኖራቸው ይችላል። ብሎናቸው አብዛኛውን ጊዜ ባለ 6 ወይም ባለ 8 ሚሊ ሜትር ነው። የቀዳዳውን ጥልቀት በቀጭን እንጨት ለኩና የብራኬቱን ብረትና የሮንዴላውን ውፍረት ደምሩበት፤ ብሎኑ ከዚህ ድምር ትንሽ ማጠር አለበት። የረዘመ ብሎን ስክሪኑን ከጀርባ ይወጋዋል፣ በጣም ያጠረ ደግሞ ጥርሱን በልቶ ይወጣል። በእጅ ካቻቪቴ እሰሩ፤ በትራፓኖ አይሆንም።

ከፍታው ሶፋ ላይ በተቀመጠ ሰው ዓይን ይለካል፤ ከወለል ከ100 እስከ 110 ሳ.ሜ. አካባቢ ነው። የ65 ኢንች ስክሪን ስፋቱ 144፣ ቁመቱ 81 ሳ.ሜ. ስለሆነ መሐሉ 110 ላይ ሲውል የታችኛው ጫፉ 70 ሳ.ሜ. ላይ ይሆናል። ብዙ ቤት ኮርኒስ ሥር ይሰቅሉታል፤ አንገት የሚያመውም ለዚህ ነው። ምልክቱን በውሃ ልክ አድርጉ፤ ቴሌቪዥኑ ተነሥቶ ስለሚንጠለጠል ከላይ 5 ሳ.ሜ. ክፍት ቦታ ይኑረው። ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ በላይና በታች ባለው ቀጥታ መስመር ላይ አትብሱ፤ የኤሌክትሪክ ቱቦው አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ነው የሚያልፈው። ብሬከሩን አጥፍታችሁ ጀምሩ፤ ለትራፓኖው መብራት ከሌላ መስመር ሳቡ።

ጥያቄ፦ ቤታችን ለጣና ቅርብ ነው። ክረምት ሲገባ የሳሎኑ የውጭ ግድግዳ ይረጥባል፤ ቀለሙም ይላጣል። እዚያ ላይ መስቀል እንችላለን?

መልስ፦ ቀለሙ የተላጠው ልስን እርጥበት እየጠጣ ነው ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ልስን ከብሎኬቱ ለመላቀቅ ጊዜ አይፈጅበትም። ብሎኑም ይዝጋል፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ የታመቀው እርጥበት ደግሞ የውስጡን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ይበላል። ቴሌቪዥኑን ክፍሎቹን ወደሚለየው የውስጥ ግድግዳ አዙሩት፤ የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ በውስጡ የሚያልፍበት ግን አይሁን። ሌላ ግድግዳ ከሌላችሁ በጋውን ጠብቁ፦ የጣሪያውን አሸንዳ አስጠግኑ፣ ውጭውን አስለስኑ፣ ውስጡ ሲደርቅ የላላውን ልስን በመዶሻ እጀታ እያንኳኳችሁ ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ሁሉ አስነሡና በአዲስ አስለስኑ። ዚንክ የተቀባ ብሎን ግዙ፤ ከብራኬቶቹም ቴሌቪዥኑን ከግድግዳው ቢያንስ 5 ሳ.ሜ. የሚያርቀውን ምረጡ።