መልስ፦ ሚስት አጃቢ ብቻ ናት ያለው ማነው?

እህቴ፣ ከባለቤትሽ ጋር ደብረ ማርቆስ መድረክ ላይ ልትቀልዱ ስትዘጋጁ «ቀልዱን እሱ ይናገር፣ አንቺ ጠይቂ» ተባልኩ፣ ልክ ነው ወይ ብለሻል። በፍጹም ልክ አይደለም! አሜሪካዊቷ ኮሜዲያን ግሬሲ አለንም የጀመረችው እንዲሁ ነበር። የመድረክ አጋሯ፣ በኋላም ባሏ የሆነው ጆርጅ በርንስ ይቀልዳል፣ እሷ ትጠይቃለች። ሰዉ ግን በእሱ ቀልድ ሳይሆን በእሷ ጥያቄ ሳቀ፣ እሱም ሳያንገራግር ቦታ ለቀቀላት። እ.ኤ.አ. በ1926 ተጋቡ፣ ከዚያ ሬዲዮ፣ ከ1950 እስከ 1958 ደግሞ ቴሌቪዥን። ችሎታዋ ምን መሰለሽ፣ የማይመስል ነገር እያወራች ፊቷ ላይ ቅንጣት ሳቅ የለም፤ ለእሷ ነገሩ ሁሉ ልክ ነው፣ ግራ የሚጋባው ባሏ ነው። በእኛ በጎጃምስ ባል ማሲንቆ ሲመታ ግጥሙን የምታወርደው ሚስት አይደለችም እንዴ? አንድ ቀልድ ያዙና ቦታ እየተቀያየራችሁ ጎረቤት ፊት ሞክሩት። ሳቁ በአንቺ በኩል ከመጣ ማንም አያስቁምሽ።