ቀዝቃዛ ውሃና ሁለት ጋቢ

ዘንድሮ ከጤና ኮሌጅ ለምትወጡ ልጆቼ፣

እኛ ጎጃም ሰው ድንገት ሲወድቅ ቀድሞ የሚመጣው ውሃ ነው። አንዱ በጣሳ ፊቱን ይረጨዋል፣ ሌላው ክብሪት ለኩሶ እንዲያሸት ያደርገዋል። ልቡ ቀጥ ላለ ሰው ግን ሁለቱም ጊዜ መግደል ነው፤ ደም ካልደረሰው አንጎል አራት አምስት ደቂቃ ሳይሞላ መጎዳት ይጀምራል። ካልነቃና በወጉ ካልተነፈሰ (እያጣጣረ አልፎ አልፎ የሚስበው ትንፋሽ አይቆጠርም) ደረቱ መሃል ላይ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች መጫን ነው። ይህን ታውቃላችሁ። የምጽፍላችሁ ስለሚቀጥለው ነው።

አንድ ጊዜ ከዓባይ በረሃ የውሃ ፓምፕ ሽቦ የያዘው ወጣት አመጡልን። ጓደኛው በትምህርት ቤት የቀይ መስቀል ክበብ ደረት መጫን ተምሮ ኖሯል፤ ልቡን እዚያው ማሳው ላይ መልሶታል። ሲደርስ ይተነፍሳል፣ አልነቃም። በማግስቱ ሌሊት ተረኛው እኔ ነበርኩ። ትኩሳቱ 39.2 ሆነ። ከቆላ ስለመጣ ወባ ነው ብዬ ደም አስመረመርኩ፣ ፓራሲታሞል ሰጠሁ፣ ብርድ ነው ብለው ቤተሰቡ የደረቡለትን ሁለት ጋቢ እያየሁ አለፍኩ። እስኪነጋ አልለካሁትም። ልጁ ተረፈ፤ የእናቱ ስም ግን ይጠፋበት ነበር። ትኩሳቱ ነው ብዬ አልምልም፤ ጉዳቱ ማሳው ላይ ደርሶ ሊሆን ይችላል። ያልለካሁት ግን እኔ ነኝ።

በፈረንጆቹ 2002 ከአውሮፓና ከአውስትራሊያ ሁለት ጥናቶች ወጡ። ልባቸው ተመልሶ ያልነቁ ሕሙማንን ወደ 33 ዲግሪ አካባቢ ማቀዝቀዝ አንጎልን ያተርፋል አሉ፤ በአውሮፓው ከቀዘቀዙት 55 በመቶ፣ ካልቀዘቀዙት 39 በመቶ በደህና አገገሙ። እኔም አመንኩ፣ መሳሪያ የለንም ብዬም ተቆጨሁ። በ2013 33ንና 36ን ያነጻጸረ ትልቅ ጥናት ልዩነት አጣ። በ2021 ደግሞ 1,900 ያህል ሰዎች ግማሹ ወደ 33 ወርደው፣ ግማሹ ትኩሳት ብቻ እየተከለከለላቸው ታዩ፤ በስድስት ወር ውስጥ በሁለቱም ወገን ግማሽ ያህሉ ሞቱ። አምቡላንስ ውስጥ ቀዝቃዛ ፈሳሽ በደም ሥር መስጠትም ተሞክሮ አልጠቀመም፤ እንዲያውም ልባቸው ዳግም የቆመባቸው በዙ። የጣሳው ውሃ በሌላ መንገድ መጣ ማለት ነው።

ጮቄ ላይ ብርድ መትቶት የተገኘ ሰው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ልቡ ከመቆሙ በፊት የቀዘቀዘ አንጎል ብዙ ይታገሳል፤ በ1999 ኖርዌይ ውስጥ በረዶ ሥር የተያዘች ሴት ሙቀቷ 13.7 ደርሶ ድናለች። እንዲህ ያለውን ሳታሞቁ ሞቷል አትበሉ።

ለቀሩት በፈረንጆቹ 2022 የወጣው የአውሮፓ መመሪያ የጠየቀው ቀላል ነበር፦ ያልነቃውን ቢያንስ ሦስት ቀን ከ37.7 በላይ እንዳይወጣ መጠበቅ። ለዚህ ቴርሞሜትርና የማይሰንፍ ተረኛ ይበቃል። ጋቢውን ስታነሱ ለእናቱ ምክንያቱን ንገሯት፣ አለዚያ ዞር ስትሉ መልሳ ትደርበዋለች። በእርጥብ ጨርቅ ስታበርዱት ከተንቀጠቀጠ ጡንቻው ራሱ ሙቀት እየሠራ ነው፤ አቁሙና ሐኪሙን ጥሩ። ብብት ከውስጡ ሙቀት ዝቅ አድርጎ ስለሚያሳይ 37.5 ሲል ደህና ነው ብላችሁ አትተኙ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ድገሙት።