60 በመቶ የተባሉት እናት፣ 30 በመቶ የተባሉት አባት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አባቴ 66፣ እናቴ 63 ዓመታቸው ነው፤ ሁለቱም የልብ ድካም አለባችሁ ተብለዋል። አባቴ የዛሬ ሦስት ዓመት ልቡን ድንገት አሞት ሆስፒታል ሲገባ «የልብ ቧንቧህ ተደፍኗል» ተባለ፣ ኢኮውም (የልብ አልትራሳውንዱ) 30 በመቶ ሆነ። እናቴ የቆየ ግፊትና ስኳር አለባት። እሷ ኢኮ ስትነሣ 60 በመቶ መጣ፤ ያዩዋት ባለሙያ «ልብሽ ደህና ነው» ብለው መለሷት። የገረመኝ ነገር፣ አባቴ ጠዋት ዳቦ ገዝቶ አራቱን ፎቅ ወጥቶ ይገባል፣ እናቴ ግን ሁለተኛው ፎቅ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ታለከልካለች። ማታ ሦስት ትራስ ደርባ ነው የምትተኛው። ኪኒኗ ሲያልቅባት ከአባቴ ትወስዳለች፤ «ሕመማችን አንድ አይደል?» ትላለች። ሰሞኑን ደግሞ ደረቅ ሳል ይዟታል። የሴትና የወንድ የልብ ድካም ይለያያል እንዴ? የባሰበትስ ማን ነው?
የሁለቱም ልጅ፣ ከኮዬ ፈጬ

መልስ፦ እህቴ፣ ከኪኒኑ ልጀምር። ያ መካፈል ዛሬውኑ ይቁም። የመድኃኒቱን ስም አልጻፍሽልኝም፤ ለግፊትና ለልብ የሚሰጠው ኢናላፕሪል ወይም የዚያ ዘመድ ከሆነ ግን ደረቅ ሳል የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳቱ ነው፣ ሴቶች ላይ ደግሞ ከወንዶች ይበልጥ ይታያል። ሳሉ ከኪኒኑ ከሆነ ሐኪም እንደ ሎሳርታን ባለ ሳል በማያመጣ ይለውጠዋል። ሦስት ትራስ የሚደርብ ሰው ሳል ግን ሳንባ ላይ ከተጠራቀመ ውኃም ሊመጣ ይችላልና ቤት ሆናችሁ አትገምቱ። በዚያ ላይ እናትሽ የራሳቸው የግፊት ኪኒን አላቸው። ሁለቱ ከተደረቡ ግፊታቸው ከሚገባው በላይ ሊወርድ፣ ኩላሊታቸውም ሊጎዳ ይችላል።

አሁን ወደ 60 በመቶው እንምጣ። ቁጥሩ የሚናገረው ልብ ከያዘው ደም በአንድ ምት ስንት እጁን ረጭቶ እንደሚያወጣ ነው። ጤነኛ ልብም ቢሆን መቶ በመቶ አይረጭም። 50ና ከዚያ በላይ ከሆነ መርጨቱ ደህና ነው ይባላል፤ 40ና ከዚያ በታች ከሆነ ደክሟል። አባትሽ እዚህኛው መደብ ውስጥ ናቸው። ቧንቧ ሲደፈን ከልብ ጡንቻ ከፊሉ ይሞታል፣ የቀረው ይሰፋል፣ ይላላል። ወንዶችን ወደ ልብ ድካም የሚያደርሳቸው አንዱ ትልቁ መንገድ ይኸው ነው።

የእናትሽ ልብ መጭመቁን አልተወም። ያቃተው መፍታታት ነው። ለዓመታት ከግፊት ጋር ሲታገል የኖረ ልብ ግድግዳው ይወፍርና ይደርቃል፤ ያልለፋ ስልቻ እህል ሲጨምሩበት አልዘረጋ እንደሚለው ሁሉ፣ ደም ሲመጣበት አልቀበል ይላል። ከተቀበለው ትንሽ ደም ላይ 60 በመቶውን ቢረጭ ያው ትንሽ ነው። መግቢያ ያጣው ደም ወደ ኋላ፣ ወደ ሳንባ ይመለሳል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ የሚያስለከልካቸው እሱ ነው፣ ትራስ የሚያስደርባቸውም እሱ ነው። ይህ ዓይነቱ በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ግፊት፣ ስኳርና ውፍረት ያለባቸው ሴቶች ላይ በብዛት ይታያል። የኢኮው ወረቀት ላይ ስለ ግድግዳው ውፍረትና ስለ ግራው የላይኛው ክፍል መስፋት የሚጻፍ መስመር አለ፤ ብዙ ጊዜ ሁሉም ዓይኑ በመቶኛው ላይ ያርፍና ያ መስመር ሳይነበብ ያልፋል። ወረቀቱን ይዛችሁ የልብ ወይም የውስጥ ደዌ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ «ልቤ በደንብ ይፈታታል ወይ?» ብለው ይጠይቁ።

የባሰበት ማን ነው ላልሽው፣ እንደምትለኪው ነው። በዕድሜ ከለካሽው ሴቶች ይሻላሉ። አሜሪካ ፍራሚንግሃም ከተማ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ከተካሄደው ክትትል እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ውጤት፣ የልብ ድካም ከያዛቸው ወንዶች ግማሾቹ በ1.7 ዓመት ውስጥ እንደሞቱ፣ ሴቶቹ ግን ለዚያ 3.2 ዓመት እንደፈጀባቸው ያሳያል። (ይህ ከዛሬዎቹ መድኃኒቶች በፊት የነበረ ዘመን ነው፤ ቁጥሩን ለአባትሽ እንዳታነቢላቸው። ዛሬ በደንብ የታከመ ሰው ከዚያ በጣም ረዝሞ ይኖራል።) የውሎ አዳሩን ድካም ከለካሽው ግን የሚጎዱት ሴቶቹ ናቸው። ትንፋሽ ማጠሩም፣ እብጠቱም፣ ድብርቱም ይበዛባቸዋል። ረዘም ያለ ዕድሜ፣ ከበድ ያለ ዕለት ማለት ነው። ቤታችሁ ውስጥ የምታዪው ይህንኑ ነው።

ደግሞም ሴቶቻችን አይናገሩም። እኔ የምሠራበት ቱሉ ዲምቱ ያለ ክሊኒክ ውስጥ ወንዱ ገና ሲገባ «ደረቴን» ይላል፤ ሴትየዋ «ደከመኝ» ትላለች፣ አስከትላም «ጉሉኮስ ይተከልልኝ»። ይህን አበክሬ ልናገር፦ ልቡ ለደከመ ሰው ጉሉኮስ ኃይል አይሆንም። አንድ ሊትር ፈሳሽ ያውም መቀበል ባቃተው ልብ ላይ ሲጨመር ሳንባን ያጥለቀልቃል። ተተክሎላቸው ማታውኑ ትንፋሽ አጥሯቸው የመጡ እናቶች አይቻለሁ። ሌላው ምልክት ደግሞ ዝም ያለ ነው። እናት ውኃ ሲጠፋ ጀሪካን ማውጣት ይተዋሉ፣ ቀጥሎ ጉልት መውረድ፣ ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያን። «እርጅና ነው» ይባልና ያልፋል። ስለዚህ «ደህና ነሽ?» ብለሽ አትጠይቂያቸው፣ «ደህና ነኝ» ነው የሚሉሽ። አምና ሲሠሩት የነበረውን ዘንድሮ ምኑን እንደተዉ ጠይቂያቸው።

ለወንድና ለሴት የሚበቃው የመድኃኒት መጠንም ቢሆን አንድ ላይሆን ይችላል። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው፣ በ11 የአውሮፓ አገሮች የተሠራ ጥናት፣ መርጨቱ የደከመባቸውን ታማሚዎች አይቶ ነበር። ወንዶቹ በጣም የተጠቀሙት ሙሉውን መጠን ሲወስዱ ነው፤ ሴቶቹ ግን በግማሹ ገደማ ተመሳሳይ ጥቅም አግኝተዋል፣ ከዚያ ማለፉም ብዙ አልጨመረላቸውም። ይህ «ኪኒኑን ከሁለት ስበሪው» ማለት አይደለም። ጥናቱ በአባትሽ ዓይነት ሕመም ላይ ነው፣ መጠን የሚቀንሰውም ሐኪም ነው። ነገሩ እስከዚያ ድረስ ሳይታወቅ የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ውጤቱ የወጣው ትልቁ የልብ ድካም መድኃኒት ሙከራ ላይ እንኳ ከተሳታፊዎቹ ሴቶች ከመቶ 22 ገደማ ብቻ ነበሩ። ለወንድ የተለካ ልብስ ለሴት ሲሰጥ ኖሯል ባይ ነኝ።

ለእናትሽ የሚሆን ነገር ግን አለ። ኢምፓግሊፍሎዚንና ዳፓግሊፍሎዚን የሚባሉት፣ መጀመሪያ ለስኳር የተሠሩ ኪኒኖች፣ እ.ኤ.አ. በ2021 እና በ2022 በወጡ ውጤቶች ለእሳቸው ዓይነት ልብም ሆስፒታል መግባትን እንደሚቀንሱ ታይቷል፤ ለወንድም ለሴትም ይሠራሉ። ዋጋቸው እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ ቢሆንም ሐኪማቸውን ጠይቁ። ሴቶች ላይ የብልት ማሳከክ ሊያመጡ ይችላሉ፤ እናት ይህን ለልጃቸው አይነግሩምና አስቀድመሽ ንገሪያቸው፣ በቀላሉ ይታከማል።

እስከዚያው ሚዛን ግዙ። ሁለቱም ጠዋት ሽንት ቤት ደርሰው፣ ቁርስ ሳይቀምሱ ይመዘኑ፤ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ኪሎ ከተጨመረ ውኃ ነውና ሕክምና ጋ ሂዱ። በርበሬና ሽሮ ስታስፈጩ ጨው አታስገቡበት፤ አንዴ ከገባ ወጥ ላይ ብትቀንሱ ለውጥ የለውም። የደም ማነስም ይታይላቸው፣ ትንፋሽ ማጠርን ያባብሳልና።

ጥያቄ፦ የሱሉልታ ነዋሪ ነኝ። ባለቤቴ ከወለደች ሁለት ወሯ ነው። እግሯ አብጧል፣ በጀርባዋ መተኛት አልቻለችም፣ ሌሊት እየሳለች ትነሣለች። እናቴ «አራስ ሆና ብርድ መቷት ነው» ብላ በአጥሚትና በገንፎ ይዛታለች። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ ይህን ደብዳቤ ያነበብነው ዕለት በሰጠኸን ስልክ ደውለን «ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰዳት» ብለንሃል፤ እዚህ የምጽፈው ለሌሎች ነው። ሱሉልታ ብርድ እንዳለ ማንም አይክድም። ብርድ ግን እግር አሳብጦ፣ ተኝቶ መተንፈስ አያስከለክልም። ከእርግዝናው የመጨረሻ ወር አንሥቶ ከወሊድ በኋላ እስከ አምስት ወር ድረስ፣ ቀድሞ ደህና የነበረ ልብ የሚደክምበት ሕመም አለ። የወጣት ሴት ነው፣ ወንድ አያውቀውም። በልጅነት ቶንሲል ሳቢያ የተጎዳ የልብ በርም በእርግዝናና በወሊድ ጊዜ ራሱን ሊገልጥ ይችላል፤ ሁለቱን የሚለየው ኢኮ ነው። ቶሎ ከተደረሰበት የብዙዎቹ ልብ በወራት ውስጥ ያገግማል። ጡት ስለምታጠባ መድኃኒት ከመጀመሯ በፊት ትናገር፣ ከማጥባት ጋር የሚሄዱ አሉ። ሁለተኛ እርግዝና ግን ልቧ በኢኮ ሳይታይና ሐኪም ሳይፈቅድ አይታሰብ፤ እስከዚያው የወሊድ መከላከያ ያስፈልጋታል።

ጥያቄ፦ የ55 ዓመት ሰው ነኝ፣ ከለገጣፎ። ለልብ ድካም ስፓይሮኖላክቶን እወስዳለሁ። ጡቶቼ አብጠው ያሙኛል። ለማንም አልተናገርኩም፣ ኪኒኑን ልተወው አስቤያለሁ።

መልስ፦ አይተዉት፤ ይናገሩ። ይህ መድኃኒት የወንድ ሆርሞን ሥራንም ስለሚያውክ አንዳንድ ወንዶች ላይ የሚያደርገው ነገር ነው፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ኤፕሌሬኖን የሚባል፣ ይህን እምብዛም የማያመጣ ዘመድ አለው። እሱ ካልተገኘ ሐኪምዎ መጠኑን ሊቀንስ ይችላል። ዲጎክሲን የሚባለውን የልብ መድኃኒትም የሚወስዱ ከሆነ አብረው ይንገሩ፣ እሱም ያሳብጣል። እግረ መንገድዎን የፖታሲየምና የኩላሊት ምርመራ ይሠራልዎ። እብጠቱ በአንድ በኩል ብቻ ከሆነና ሲዳብሱት ጠጠር ካለ ግን ኪኒኑ ላይ አያሳብቡ፣ ቀጠሮም አይጠብቁ፣ በዚህ ሳምንት ይታዩ።