ፍላሽ፣ ክራክና የቴሌግራም ኮድ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመለስናቸው ጥያቄዎች በሙሉ ከሰሜን ሸዋ የተላኩልን ናቸው። የጠያቂዎቹን ስም ትተን ከተማቸውን ብቻ ጽፈናል።

ጥያቄ፦ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በፍላሽ ይዘው ሲመጡ ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ይገኛል። አንዱን ፍላሽ ፎርማት ሳደርግ በማግስቱ ሌላው ይመጣል። ደንበኛ ደግሞ «ፋይሌን አጠፋህብኝ» ይለኛል። ውድ አንቲቫይረስ ልግዛ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ገንዘብዎን አያውጡ። ፍላሹ ፎርማት ካልተደረገ የደንበኛዎም ፋይል አልጠፋም፤ ተደብቆ ነው። ይህ ቫይረስ እውነተኛውን ፎልደር ይደብቅና በቦታው ተመሳሳይ ስም ያለው ሾርትከት ያስቀምጣል። ሾርትከቱ ሁለቴ ሲጫኑት መጀመሪያ ቫይረሱን ያስነሣል፣ ወዲያው ደግሞ የተደበቀውን ፎልደር ይከፍታል። ሰውየው የፈለገውን ፋይል ስላገኘ ምንም አይጠረጥርም። ከዚያ በኋላ ያ ኮምፒዩተር የተሰካበትን ፍላሽ ሁሉ ይበክላል። እርስዎ ጋ የተበላሸው ፍላሹ ብቻ ሳይሆን ኮምፒዩተሩም ነው። ኮምፒዩተሩን ሳያጸዱ ፍላሽ ፎርማት ማድረግ በቀዳዳ ጆንያ እህል መክተት ነው።

ስለዚህ ከኮምፒዩተሩ ይጀምሩ። ፍላሾቹን ሁሉ ይንቀሉ። ዊንዶውስ ሴኩሪቲን ከፍተው ወደ ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን ይግቡ፤ ስካን ኦፕሽንስ የሚለው ውስጥ የዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ የሆነው ማይክሮሶፍት ዲፌንደር ኦፍላይን ስካን አለ። እሱን ሲያዝዙት ኮምፒዩተሩ ራሱን ዘግቶ ይነሣና ዊንዶውስ ሳይጀምር ይፈትሻል፤ 15 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። የተከፈተ ሥራ ካለ አስቀድመው ሴቭ ያድርጉ፤ መብራት የሚቆራረጥበት ሰዓትም አይምረጡ። ሲጨርስ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማናጀርን ይክፈቱና ስታርትአፕ የሚለውን ይመልከቱ። እዚያ ደብሊው ስክሪፕት የሚል ወይም ትርጉም የለሽ የፊደልና የቁጥር ድብልቅ ስም ካገኙ ዲሴብል ያድርጉት።

አሁን የደንበኛው ፍላሽ ይሰካ። ሾርትከቱን አይንኩ። በፋይል ኤክስፕሎረር ፎልደር ኦፕሽንስ፣ ከዚያ ቪው ውስጥ ገብተው ሁለት ነገር ይለውጡ፦ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ያድርጉ፣ «ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ» ከሚለው ላይ ምልክቱን ያንሡ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ያደርግና «ባዶ ነው» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ቫይረሱ ፎልደሩን የሲስተም ፋይል አስመስሎ ስለሚደብቀው ሁለተኛውን ካልነኩ አይታይም። ሁለቱንም ሲያደርጉ ደብዘዝ ያለ ፎልደር ብቅ ይላል፤ አንዳንዴ ስም እንኳ የለውም። የተማሪው ጽሑፍ ያለው እዚያ ነው። የዎርድ፣ የፒዲኤፍና የፎቶ ፋይሎችን ብቻ ወደ ኮምፒዩተሩ ይቅዱ፤ ሾርትከትና መጨረሻው ኢኤክስኢ ወይም ቪቢኤስ የሆነውን ይተዉ። የፋይል ዓይነቱን ለመለየት እዚያው ቪው ላይ የፋይል ኤክስቴንሽን እንዲታይ ያድርጉ፤ አለዚያ የፒዲኤፍ ምልክት የለበሰ ፕሮግራም ያታልልዎታል። የተቀዳውን ራይት ክሊክ አድርገው በዲፌንደር ያስፈትሹ፣ ፍላሹን ፎርማት አድርገው ፋይሉን ይመልሱለት። በመጨረሻ ያነሡትን ምልክት ወደ ቦታው ይመልሱ፤ እንደታየ ከቀረ አንድ ቀን አንዱ ሠራተኛ የዊንዶውስን ፋይል «የማይጠቅም» ብሎ ይሰርዘዋል።

ዲፌንደር የሚረዳው አዲስ መረጃ ሲኖረው ነው። የቤቱ ኮምፒዩተር ኢንተርኔት ከሌለው ማይክሮሶፍት ለብቻው የሚያወጣውን የዲፌንደር ማደሻ ፋይል ኢንተርኔት ባለበት ቦታ አውርደው በንጹሕ ፍላሽ ያምጡ። ከ100 ሜጋ ባይት በላይ ነው። 64 ቢት የሚለውን ይምረጡ፤ ሁለቴ ሲጫኑት መስኮት ሳይከፍት ሥራውን ጨርሶ ይወጣል፣ «አልሠራም» ብለው አይደናገጡ። በሳምንት አንዴ ይበቃል።

ያልጠየቁንን አንድ ነገር እንጨምር። በፍላሽ ፈንታ ደንበኛው ፋይሉን በቴሌግራም ቢልክልዎ የሾርትከት ጣጣው ይቀላል። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ የተላከልዎ መታወቂያ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀትና የባንክ ደብተር ዳውንሎድስ ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» በሚባል ፎልደር ይከማቻል። ወጪ ወራጁ የሚነካው ኮምፒዩተር ላይ ይህ አደገኛ ነው። ማታ ሲዘጉ ፎልደሩን በሺፍትና ዲሊት ያጽዱ፣ ቻቱንም ለሁለቱም ወገን ይሰርዙት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሰው ሰነድ በእጅዎ መቅረቱ እንደ ቀድሞው ቀላል ነገር አይደለም።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። ላፕቶፔ ኮር አይ 3፣ 4 ጊጋ ራም፣ ዊንዶውስ 10 ነው። አፕዴቱ ቆሟል ይሉኛል። ጓደኛዬ «ዊንዶውስ 11ንም ኦፊስንም በክራክ አስገባልሃለሁ» ብሎኛል። የምጠቀመው የስልኬን ሆትስፖት ነው። (ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ እውነት ነው፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ማይክሮሶፍት ግን ለግል ተጠቃሚዎች እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚደርስ ተጨማሪ የደኅንነት አፕዴት ፈቅዷል። 22ኤች2 የተባለው እትም ካለዎትና በማይክሮሶፍት አካውንት ገብተው ሴቲንግዎን ባክአፕ ካደረጉ ያለ ክፍያ ይመዘገባሉ፤ ቦታው ሴቲንግስ ውስጥ ዊንዶውስ አፕዴት የሚለው ገጽ ነው።

ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል በኩል 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ፣ እንዲሁም ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል። ትውልዱን ለማወቅ ከሰረዙ በኋላ ያለውን ቁጥር ይዩ፤ አይ 3-6006ዩ ከሆነ 6ኛ ነው። በማታለያ መንገድ የሚጫን ቢሆንም በ4 ጊጋ ራም ላይ ሲንፏቀቅ ያናድድዎታል።

ጓደኛዎ ያቀረበውን ክራክ፣ ማለትም የሚከፈልበትን ፕሮግራም ያለ ክፍያ የሚያስከፍተውን አክቲቬተር፣ አንመክርም። ምክንያታችን የሕግ ብቻ አይደለም። አክቲቬተሩ ገና ሲጀምር «መጀመሪያ ዲፌንደርን አጥፋ» ይላል፤ ዘበኛውን አሰናብት የሚል እንግዳ ምን ሊሠራ እንደመጣ መገመት ይቻላል። አንዴ በአድሚኒስትሬተር ፈቃድ ከገባ ብሮውዘር ውስጥ ያስቀመጡትን ፓስዎርድ መቅዳት ይችላል። የቴሌግራም ዴስክቶፕ ፕሮግራም የመግቢያ መረጃውን የሚያስቀምጥበትን ፎልደር ከወሰደ ደግሞ ያለ ኮድ አካውንትዎ ውስጥ ይገባል። ክራክ ሁሉ ቫይረስ አለው አንልም፤ የትኛው እንዳለውና እንደሌለው የሚለዩበት መንገድ ግን የለዎትም።

ለኦፊስ ሊብረ ኦፊስ በቂ ነው። ነጻ ነው፣ የፈተና ወረቀትና የውጤት ሮስተር ይሠራል፤ ሴቭ ሲያደርጉ የዎርድን ዓይነት ከመረጡ ሌላ ሰው በዎርድ ይከፍተዋል። የሰንጠረዥ ድንበር አንዳንዴ ትንሽ ይዛባል፤ ለማተም የሚልኩትን በፒዲኤፍ ያድርጉት። በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነው ሊኑክስ ሚንትም ለእንዲህ ያለ ላፕቶፕ ጥሩ ነው። 3 ጊጋ ገደማ የሆነውን ፋይል ዋይፋይ ካለበት አውርደው ሩፈስ በሚባል ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ይጻፉት። ከፍላሹ አስነሥተው ዋይፋዩና ፕሪንተሩ መሥራታቸውን ሳያዩ ግን ሃርድ ዲስኩን አይንኩ።

ዊንዶውስን ከመቀየርዎ በፊት የድሮ የአማርኛ ፋይሎችዎን ይመርምሩ። በፓወር ግእዝ ወይም በቪዥዋል ግእዝ ፎንት የተጻፈ ፋይል ውስጡ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ነው፤ ግእዝ አስመስሎ የሚያሳየው ፎንቱ ብቻ ነው። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ማንም የማያነበው ትርምስ ይሆናል። ፎንቱ ገና ሳለ ሁሉንም ወደ ፒዲኤፍ ይለውጡ፣ የፎንቱን ፋይልም አብረው ያስቀምጡ። ከእንግዲህ የሚጽፉትን በኢብሪማ ወይም በአቢሲኒካ ይጻፉ፤ ዩኒኮድ የተባለውን ዓለም አቀፍ የፊደላት ኮድ ስለሚከተሉ የትም ይከፈታሉ።

የሆትስፖቱ ነገር፦ ዋይፋይ ሴቲንግ ውስጥ የስልክዎን ስም ተጭነው «ሴት አዝ ሜተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን ያብሩ። ዊንዶውስ ትልልቅ አፕዴቶችን ሳያስፈቅድ ማውረዱን ያቆማል፣ ጥቅልዎም በአንድ ጀንበር አያልቅም። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሲደርሱ ራስዎ ያዝዙታል። ፋየርፎክስ ላይ ዩብሎክ ኦሪጅንን ቢጨምሩ ደግሞ ማስታወቂያው ስለማይወርድ ሜጋ ይተርፍዎታል። «ራም ክሊነር»፣ «ፒሲ ቡስተር» የሚሏቸውን አይጫኑ። ለዘገየ ላፕቶፕ መድኃኒቱ ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣን ዲስክ ማስገባት ነው።

ጥያቄ፦ የማሾ ነጋዴ ነኝ። በአጎቴ ልጅ ቴሌግራም «የተላከልህን ኮድ ንገረኝ» የሚል መልእክት መጣልኝ፤ ነገርኩት። አሁን በኔ ስም ለደንበኞቼ «ብር ላኩልኝ» እየተባለ ነው። (ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ ይህን ሳያነቡ ስልክዎን ያንሡ። ቴሌግራም በስልክዎ ላይ አሁንም የሚከፈት ከሆነ ሴቲንግስ፣ ዲቫይስስ፣ «ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ»ን ይጫኑ። አዲስ የገባ ሰው ቀድሞ የነበረውን ስልክ ማስወጣት የሚችለው 24 ሰዓት ካለፈው በኋላ ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከቀደሙት እሱ ይወጣል። ከዘገዩ ግን እርስዎን ያስወጣዎታል።

ቀጥሎ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ ውስጥ ቱ-ስቴፕ ቬሪፊኬሽንን ያብሩ። ከዚህ በኋላ ኮዱ ቢወጣ እንኳ ፓስዎርዱ ያስፈልጋል። ኢሜይል ሲጠይቅዎ አይዝለሉት፤ ያለ ኢሜይል ፓስዎርዱን ከረሱ አካውንቱን ሪሴት ለማድረግ 7 ቀን ይጠብቃሉ። ኮምፒዩተር ላይም ቴሌግራም ካለዎት ፓስኮድ ያድርጉበት። ለደንበኞችዎ ደግሞ በጽሑፍ ሳይሆን በድምፅ ይደውሉላቸው፤ ጽሑፉን ሌባውም ሊጽፈው ይችላል። የአጎትዎ ልጅም የተሰረቀበት ሳይሆን አይቀርምና ይንገሩት።

ጥያቄ፦ የአማርኛ ኪቦርድ ስልኬ ላይ ስጭን «የምትጽፈውን ሁሉ፣ ፓስዎርድንም ጨምሮ ሊሰበስብ ይችላል» አለኝ። ልፍራ? (ከአንኮበር)

መልስ፦ ማስጠንቀቂያው የአንድሮይድ ነው፤ ማንኛውም ከውጭ የሚጫን ኪቦርድ ላይ ይወጣል። ኪቦርዱ ሌባ ነው ማለት አይደለም፣ ሌባ ቢሆን ግን የሚችለውን በትክክል ይነግርዎታል። ስልክዎ ላይ ጂቦርድ ካለ አማርኛ አለው፤ ሌላ መጫን አያሻም። ሌላ ከፈለጉ ኪይማን ነጻ ነው፣ ኮዱም ለማንም ክፍት ነው። የስልክ ማውጫዎንና ያሉበትን ቦታ ካላየሁ የሚል ኪቦርድን ያጥፉት፤ ፊደል ለመጻፍ ይህ ምን ያደርግለታል? የቴሌብር ፒን በሚያስገቡበት ጊዜ ወደ ስልኩ የራሱ ኪቦርድ ይመለሱ።

ጥያቄ፦ ፓስዎርዶቼን ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ልጆቼ ይሥቁብኛል። (ከደብረ ሲና)

መልስ፦ እናታችን፣ ይሣቁ። ሩቅ አገር ያለ ዘራፊ ቁም ሣጥንዎን አይከፍትም። ደብተሩ ከቤት አይውጣ፣ የባንክ ፒን ግን አይጻፍበት። ልጆችዎ መርዳት ከፈለጉ ኪፓስ ኤክስሲን ኮምፒዩተሩ ላይ ይጫኑልዎ፤ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ሁሉንም በአንድ የተቆለፈ ፋይል ይይዛል። ለዋናው ቁልፍ የማይገናኙ አምስት ቃላት ይምረጡ፦ በርበሬ፣ መሰላል፣ ቁራ፣ ጋቢ፣ ጭልፋ እንደማለት። የዳዊት ስንኝ ወይም ተረትና ምሳሌ አይሁን፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነውና። የፋይሉን ቅጂ ሌላ ፍላሽ ላይ ያኑሩ።

ጥያቄ፦ የሆቴል ዋይፋይ ስጠቀም ነጻ ቪፒኤን የግድ ነው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ የግድ አይደለም። ብዙው ድረ ገጽ ኤችቲቲፒኤስ፣ ማለትም ግንኙነቱ የተመሰጠረ ስለሆነ የዋይፋዩ ባለቤት የትኛው ድረ ገጽ እንደገቡ ሊያይ ይችላል፣ የጻፉትን ግን አያነብም። ቪፒኤን ግንኙነትዎን በሌላ ድርጅት ኮምፒዩተር በኩል ያሳልፋል፤ ሲከፍቱት ያን ማየት ከሆቴሉ ነጥቀው ለማያውቁት ድርጅት ይሰጡታል። ካስፈለገዎት የፕሮቶን ነጻው ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። አዲስ ላፕቶፕ ተገዝቶልኝ ነበር። ሊጠገን ሄዶ ሲመለስ ሰማያዊ ገጽ ላይ 48 አሃዝ ቁጥር ይጠይቀኛል። (ከዓለም ከተማ)

መልስ፦ ቢትሎከር የሚባለው የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ ነው። አዳዲስ ላፕቶፖች በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈቱ ዲስካቸውን ራሳቸው ይቆልፋሉ። ማዘርቦርዱ ሲቀየር ወይም ኮምፒዩተሩን የሚያስነሣው ባዮስ ሲነካ «ሰው ዲስኩን ነቅሎት ይሆን?» ብሎ ቁልፉን ይጠይቃል። ቁጥሩ የሚገኘው ላፕቶፑ መጀመሪያ በተከፈተበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ነው፤ በስልክሽ ብሮውዘር ገብተሽ ሪከቨሪ ኪይ የሚለውን ፈልጊ። ሰማያዊው ገጽ ላይ የቁልፉ መለያ ስምንት ፊደልና ቁጥር ተጽፎ ታያለሽ፤ ከአካውንቱ ዝርዝር ውስጥ ያ የሚገጥመውን ምረጪ።

በአካውንትሽ ከሌለ ሻጩ በራሱ አካውንት ከፍቶት ሊሆን ስለሚችል ወደ እሱ ደውዪ። ቁልፉ የትም ካልተገኘ ዲስኩ ላይ ያለውን ማንም ባለሙያ አያወጣውም፤ «በገንዘብ እከፍተዋለሁ» የሚልሽን አትመኚ፣ የሚቀረው ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ነው። ከተከፈተልሽ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ገልብጪና ከላፕቶፑ ቦርሳ ውጪ አስቀምጪው።