የውሻዬን ፀጉር ወዝ ምን ወሰደው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አራት ዓመት የሞላት፣ አምስት ኪሎ የምትመዝን ነጭ ፀጉራም ውሻ አለችን። የሸጠልን ሰው ማልቲዝ ናት ብሎናል። የምትበላው ከቤተሰቡ ማዕድ የተረፈውን ነው። ሁዳዴ ሲጋመስ ፀጉሯ መደብዘዝ ጀመረ፤ ፋሲካ ካለፈ በኋላማ ጭራሽ እንደ ገለባ ደረቀ። ስንደባብሳት እጃችን ላይ ነጭ ፎሮፎር ይቀራል። ብዙም አትታከክም፤ ትበላለች፣ ትጫወታለች። እናቴ «ለጋ ቅቤ ቀቧት» ትላለች። እንቀባት? (ከጉለሌ)

መልስ፦ ቅቤው ይቅር። ውሻ የተቀባውን ሁሉ ልሶ ይጨርሳል፤ ለትንሽ ውሻ ያ ሁሉ ቅባት ተቅማጥ ነው። ያልተላሰው ደግሞ አቧራ እየሰበሰበ ፀጉሩን ያድበለብለዋል። አንዴ ከቆዳ የወጣ ፀጉር የሞተ ነገር ስለሆነ ቅባት ላዩን ያብረቀርቀው ይሆናል እንጂ አይጠግነውም። መለወጥ ያለበት ገና ከሥር የሚበቅለው ነው፤ እሱ ደግሞ የሚሠራው ከምትበላው ነው።

እስቲ ቀኖቹን ይቁጠሩ። የውሻ የላይኛው ቆዳ ከሥር ተሠርቶ ላይ ደርሶ እስኪረግፍ ሦስት ሳምንት ያህል ይፈጃል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ቤተሰቡ ሲጾም ከማዕድ የሚተርፈው እንጀራ በሽሮ፣ በምስር፣ በጎመን ነውና ውሻይቱም ሳትጠየቅ አብራችሁ ጾማለች። ፀጉር ማለት ከሞላ ጎደል ፕሮቲን ነው። ውሻ በቀን ከሚያስፈልገው ፕሮቲን ከሩብ እስከ ሲሶ የሚጠጋው ለቆዳና ለፀጉር ይውላል፤ ፕሮቲን ሲያጥር ሰውነት ለልብና ለሌሎች ዋና ዋና አካላት ያደላና የፀጉሩን ድርሻ ይቀንሳል። እየተጫወተች ፀጉሯ የከሳው ለዚህ ነው። የፋሲካው ሥጋ ወዲያው ለውጥ ያላመጣውም ዛሬ ጀርባዋ ላይ የሚያዩት ፀጉር በጾሙ ወራት የተሠራ ስለሆነ ነው።

ከፕሮቲኑ ጋር አብሮ የሚጓደል ሌላ ነገር አለ፤ ዚንክ። ጤፍም ጥራጥሬም ዚንክ አላቸው፤ ነገር ግን በውስጣቸው ያለው ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር ዚንኩን ጨብጦ ስለሚይዘው አንጀት በደንብ አይመጠውም። ጉድለቱ ሲከፋ በዓይንና በአፍ ዙሪያ፣ በክርንና በመዳፍ ላይ ደረቅ ቅርፊት ይወጣል። እንዲህ ያለ ነገር ካዩ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዷት። የሰው ዚንክ ክኒን ከፋርማሲ ገዝተው እንዳይሰጧት፤ ሲበዛ ያስመልሳል፣ ቀይ የደም ሴሎችንም ያፈርሳል።

ወዝ የሚባለው ነገር ግን በዋናነት የዘይት ጉዳይ ነው። የውሻ ሰውነት ሊኖሌይክ አሲድ የተባለውን ቅባት ራሱ መሥራት አይችልም፤ ከምግብ ማግኘት አለበት። ሲያጣው ቆዳው ውኃ መያዝ ያቅተዋል፤ ፀጉሩ ይፈዛል፣ ፎሮፎር ይመጣል። እዚህ ላይ የእኛ አገር ሰው ዕድለኛ ነው፤ ከኑግ ዘይት ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው ይኸው ሊኖሌይክ አሲድ ነው። የሱፍ ዘይትም ጥሩ ነው። የሚረጋው የፓልም ዘይት ግን ያለው 10 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ ማሰሮ ሙሉ ብታበሏት ለዚህ ጉዳይ አይጠቅማትም።

አሰጣጡ እንዲህ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት በቀን ሩብ የሻይ ማንኪያ የኑግ ዘይት ምግቧ ላይ ያፍስሱ። ሰገራዋ ካልቀጠነ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ወደ ግማሽ ማንኪያ ያሳድጉት፤ በዚያው ይቁም። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ዘይት 20 ካሎሪ አካባቢ አለው፤ አምስት ኪሎ የምትመዝን ውሻ ለቀኑ የሚበቃት ደግሞ ከ350 እስከ 400 ካሎሪ ነው። «ቶሎ እንዲያምርባት» ብሎ ማንኪያውን መደጋገም ያወፍራታል፤ ከባሰም ቆሽቷን ያስቆጣል። ቆሽት ሲቆጣ ውሻ ደጋግማ ታስመልሳለች፣ የፊት እግሮቿን ዘርግታ ቂጧን ወደ ላይ አንስታ ታቃስታለች። ይህ ወዲያው ሐኪም የሚያስፈልገው ነገር ነው። ዘይቱን ጠቆር ባለ ጠርሙስ፣ ከምድጃ ርቆ ያስቀምጡት። የቆየ ዘይት ሽታ ካመጣ ለእሷም አይሁን።

ዘይቱ ብቻውን ግን ፕሮቲን አይሆንም። የተሻለው መንገድ አብላጫውን ምግቧን ለውሻ የተዘጋጀ ደረቅ ምግብ ማድረግ ነው። ከተከፈተ ከረጢት በኪሎ ተመዝኖ የሚሸጥ ከሆነ አሽትተው ይግዙ፤ አየር ያገኘው ስብ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚጠፋው ለፀጉሯ የሚያስፈልገው ቅባት ነው። ያ እስኪሟላ ድረስ በቀን 60 ግራም ያህል ጨው የሌለው የተቀቀለ ቀይ ሥጋ ወይም አጥንቱ የወጣ ዶሮ፣ ግማሽ የተቀቀለ እንቁላል፣ ከጎኑ የተቀቀለ ሩዝ ይስጧት። እንቁላሉ መብሰል አለበት፤ የጥሬ እንቁላል ነጩ ባዮቲን የተባለውን ቫይታሚን ይይዝባታል። ይህ አመጋገብ ካልሲየም ስለሚጎድለው ለጥቂት ሳምንታት መሸጋገሪያ ነው እንጂ የዓመት ቀለብ አይደለም። የአጥንት መረቅ ካልሲየም ይሞላል የሚባለውም አይሠራም፤ ወደ መረቁ የሚወርደው ካልሲየም ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ወጡን በተመለከተ ግን ምንም ማለዘቢያ የለንም። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል። ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ጉዳት ለማድረስ ይበቃል። ለእርስዎ ውሻ 75 ግራም ማለት ነው፤ አንዲት መለስተኛ ራስ። ማቁላላቱም ሆነ መቀቀሉ አያበርደውም፤ ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ይብሳል። ሽሮውም ምስሩም ዶሮ ወጡም ያው ነው። እንጀራውን ከወጡ ሳይነካ ቢያቀምሷት ግድ የለም። ድዷ ከነጣ ወይም ሽንቷ ቡናማ ከሆነ ሐኪም ሳያያት አያሳድሯት።

ለውጡ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈልጋል። ፎሮፎሩ ቀደም ብሎ ይቀንሳል። ፀጉሯን ለማወቅ ጀርባዋ ላይ በጣት ከፈል ያድርጉና ሥሩን ከጫፉ ጋር በብርሃን ያስተያዩት፤ ከቆዳው አጠገብ ያለው የጣት ስፋት ያህል ፀጉር ለስላሳና ደማቅ፣ ጫፉ ግን አሁንም ገለባ ከሆነ መንገድ ላይ ናችሁ። ጫፉን ያኔ ማስቆረጥ ይቻላል። ስምንት ሳምንት ሞልቶ ሥሩም ከፈዘዘ ጉዳዩ የምግብ አይደለም፤ ከዚያ በፊትም የሆድ ትል መድኃኒት ከወሰደች ሦስት ወር ያለፋት ከሆነ ያሰጧት።

ጥያቄ፦ ትንሹን ውሻችንን በየእሑዱ በልብስ ሳሙና እናጥበዋለን፤ ቁንጫ ይገድላል ስለተባልን ነው። ካጠብነው በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ይታከካል፤ ፀጉሩም ሻካራ ነው። ጎረቤት ላምባ ጠብ አድርጉበት ይላል። (ከአዳማ)

መልስ፦ ላምባ በፍጹም! ቆዳ ያቃጥላል፤ ሲልሰው ደግሞ ሳንባው ውስጥ ይገባል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት፣ በረኪናና የከብት መርጫም ያው ናቸው።

የሰው የላይኛው ቆዳ ከ10 እስከ 15 ረድፍ ሴል ሲኖረው የውሻ ከሦስት እስከ አምስት ብቻ ነው፤ ስስ ነው። ፒኤች በሚባለው መለኪያ የሰው ቆዳ ወደ 5.5፣ የውሻ ወደ 7 ይጠጋል፤ የልብስ ሳሙና ግን 9 እና 10 ይደርሳል። በየሳምንቱ ያንን ሲያገኝ ቆዳው የሚያመነጨው ቅባት ታጥቦ ያልቃል፤ ሁለት ቀን የሚያሳክከው እሱ ነው። የሰው ሻምፑም ቢሆን ለሰው ቆዳ የተመጠነ ነው። ለውሻ የተሠራ ሻምፑ ይፈልጉ፤ ቢወደድም አንዱ ጠርሙስ ለትንሽ ውሻ ወራት ይዘልቃል።

እጥበቱ በየሦስትና አራት ሳምንቱ ይሁን። መጀመሪያ ደረቁን ያበጥሩት፤ የተድበለበለ ፀጉር ውኃ ሲነካው እንደ ጥጥ ስለሚጠብቅ ከታጠበ በኋላ አይፈታም። ቋጠሮው ካስቸገረ በቋጠሮውና በቆዳው መካከል ማበጠሪያ ያስገቡና ከማበጠሪያው በላይ በመቀስ ይቁረጡ። ያለ ማበጠሪያ የሚቆርጥ ሰው ከፀጉሩ ጋር ተስቦ የመጣውን ቆዳ ነው የሚቆርጠው፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይደርሳል። ውኃው በክንድዎ ውስጠኛ ክፍል ሲሞክሩት ለብ ያለ ይሁን። አንድ እጅ ሻምፑ በአምስት እጅ ውኃ በጥብጠው ከአንገቱ ወደ ጭራው በፀጉሩ አበቃቀል አቅጣጫ ያዳርሱት፤ ክብ እየሠሩ ማሸት ፀጉሩን ያወሳስባል። አምስት ደቂቃ ይቆይ። ከዚያ ማለቅለቅ። ሰው ሁሉ የሚሰንፈው እዚህ ላይ ነው፤ በብብቱና በጭኑ ሥር የቀረ ሻምፑ ደርቆ ያሳክካል፣ ፎሮፎርም ይመስላል። ወራጁ ውኃ ከጠራ በኋላ እንደገና አንድ ጊዜ ያለቅልቁት። ፎጣውን ይጫኑት እንጂ አይፈትጉት።

ማሳከኩን ለማብረድ አጃ ይረዳል። ሲሶ ስኒ አጃ እንደ ዱቄት እስኪልም ይፍጩ፤ ልመቱን ለማወቅ አንድ ማንኪያውን ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ይጨምሩት። ውኃው እንደ ወተት ከነጣ ደህና ነው፤ ወዲያው ከዘቀጠ እንደገና ይፈጭ። በለብ ያለ ውኃ በጥብጠው ከሻምፑው በኋላ አሥር ደቂቃ እየደጋገሙ ያፍስሱበት፤ ከዚያ በቀላሉ ማለቅለቅ ነው።

ቁንጫ መኖሩን ለማወቅ ነጭ ሶፍት ውኃ አርከፍክፈው ያንጥፉና ከጭራው በላይ ያለውን ፀጉር እላዩ ላይ በጥሩ ጥርስ ማበጠሪያ ያበጥሩ። የወደቁት ጥቋቁር ነጠብጣቦች ቀላ ብለው ከተሰራጩ የቁንጫ ኩስ ነው፤ የተፈጨ ደም ነውና። አፈር ከሆነ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ሳሙናው የሚያሰጥመው ውሻው ላይ ያለውን ብቻ ነው፤ እንቁላሉ፣ እጩና ሙሽሬው አብዛኛው ምንጣፍና መኝታው ላይ ነው። ስለዚህ በክብደቱ ልክ ከሐኪም የተገኘ የቁንጫ መድኃኒት ቢያንስ ሦስት ወር ሳይቋረጥ፣ መኝታው በየሳምንቱ በ60 ዲግሪ ውኃ። ሶፍቱ ላይ ምንም ከሌለና የጆሮው ጠርዝና ክርኑ ተቧጥጦ ከሆነ እከክ ሊሆን ይችላል፤ ክብ ሆኖ የተመለጠ ቦታ ካለ ጭርት፤ ጭርት ደግሞ ወደ ልጆች ይተላለፋል። እነዚህ ሳሙና የሚያውቃቸው አይደሉም።

ጥያቄ፦ ውሻችን በበጋ ጤነኛ ናት፤ ክረምት ሲገባና ማሞቂያ ሲከፈት ግን ጀርባዋ በፎሮፎር ይሞላል። የታሸገ ጥሩ ምግብ ነው የምትበላው። የዓሣ ዘይት ልስጣት? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ምግቡ ጥሩ ከሆነ ጥፋተኛው አየሩ ነው። ማሞቂያ ከውጭ የገባውን ቀዝቃዛ አየር ሲያሞቀው እርጥበቱ እጅግ ይወርዳል። መኝታዋን ከማሞቂያው አፍ ያርቁ፤ የእርጥበት መለኪያ በትንሽ ዋጋ ይገኛልና ክፍሉን ከ40 እስከ 50 በመቶ ያቆዩት። የክረምቱን እጥበት በየስድስት ሳምንቱ ያድርጉት።

የዓሣ ዘይት ይረዳል። ማንበብ ያለብዎት ግን በፊት ለፊት የተጻፈውን 1000 ሚሊግራም ሳይሆን ከጀርባው ያለውን የኢፒኤ እና የዲኤችኤ (የዓሣ ዘይት ኦሜጋ 3 ቅባቶች) ድምር ነው፤ በተለመደው እንክብል 300 ሚሊግራም ያህል ይሆናል። ለአምስት ኪሎ ውሻ በቀን አንድ እንዲህ ያለ እንክብል በቂ ነው፤ በስታችሁ ምግቧ ላይ አፍስሱት። የኮድ ጉበት ዘይት ሌላ ነገር ነው፤ ቫይታሚን ኤ እና ዲ ስላለው ለትንሽ ውሻ ይበዛባታል። ተልባም ኦሜጋ 3 አለው፤ ግን የውሻ ሰውነት ወደሚፈለገው ዓይነት የሚለውጠው ጥቂቱን ስለሆነ የዓሣውን አይተካም። ለሰው ቆዳ የሚሸጠው የቲ ትሪ ዘይት ለትናንሽ ውሾች መርዝ ነው።

ጥያቄ፦ ውሻችን ፖሜራኒያን ነው፤ ፀጉሩ ስለደረቀ ሙልጭ አድርገን ብንላጨው አዲሱ ያምራል? (ከመገናኛ)

መልስ፦ አይላጩት። ይህ ዝርያ ድርብ ፀጉር ያለው ነው፤ ተላጭቶ አንዳንዴ ዓመትና ከዚያ በላይ ሳይበቅል ይቀራል፣ ሲበቅልም ተዘበራርቆ ነው። ፑድልና ማልቲዝ ናቸው በየስድስትና ስምንት ሳምንቱ የሚቆረጡት።

ጥያቄ፦ ዘጠኝ ዓመት የሆነው፣ ስድስት ኪሎ የሚመዝን ፑድል አለን። ፀጉሩ ደርቆ በሁለቱም ጎኑ እኩል እየሳሳ ነው፤ ሆዱ ተነፍቷል፤ ውኃ ይጠጣል፣ ሌሊት ቤት ውስጥ ይሸናል። ዘይት ጀምረንለታል። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ዘይቱን ያቁሙ። በሁለቱም ጎን እኩል የሚሳሳ ፀጉር ብዙ ጊዜ የሆርሞን ነገር ነው። በዕድሜ የገፉ ትናንሽ ውሾች፣ በተለይም ፑድል፣ ከኩላሊት በላይ ያለው ዕጢ ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን ሲያበዛ የሚመጣው የኩሺንግ በሽታ ያጠቃቸዋል፤ የነገሩን ምልክት ሁሉ ከዚያ ጋር ይሄዳል፤ ስኳር በሽታም መመርመር አለበት። ለማሳከክ ተብሎ ለወራት ፕሬድኒሶሎን የተባለውን መድኃኒት ሲወስድ ከነበረም ያንኑ ያመጣል፤ እንዲህ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ እንጂ በራስዎ በአንድ ጊዜ አያቁሙት።

ወደ ሐኪም ከመሄድዎ በፊት አንድ ነገር ይለኩ። ጠዋት አንድ ሊትር ውኃ ለክተው ይስጡት፤ ሌላ የሚጠጣበት ቦታ አይኑር። በማግስቱ በዚያው ሰዓት የቀረውን ለክተው ይቀንሱ፤ ሦስት ቀን ይድገሙት። ለስድስት ኪሎ ውሻ በቀን ከ600 ሚሊ ሊትር ማለፍ ከልክ በላይ ነው። ውኃውን ግን እንዳይከለክሉት። ቁጥሩን በወረቀት ይጻፉና ጠዋት መጀመሪያ የሸናውን ሽንት በንጹሕ ክዳን ባለው ዕቃ ይዘው ይሂዱ።