ቁጥራችን ትንሽ ነው፤ ድምፃችንስ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ነው፤ የፕሮቴስታንት እምነት ተከታይ ነኝ። ባለፈው ወር የእድራችን ስብሰባ ላይ ስለ ድንኳንና ወንበር ግዢ ሲመከር ቆይቶ ወሬው ወደ ምርጫ ዞረና፣ አንድ አባት «እናንተ ጴንጤዎች ተስማምታችሁ ለአንድ ሰው ብትሰጡ ውጤቱን ትገለብጡታላችሁ» አሉኝ። ከጎናቸው የነበረው ደግሞ «ከመቶ ሦስት የማይሞላ ሰው ምን ሊያመጣ!» ብሎ ሳቀ። ሐረር ጀጎል የሚኖሩት ኦርቶዶክሷ አክስቴም «እኛም እዚህ ያው ነን» ይላሉ። ልክ ማን ነው?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ሁለቱም የእድርዎ ሰዎች ልክ የሚሆኑበት ቀን አለ፤ ሁለቱም የሚሳሳቱበት ቀን ግን ይበዛል። በቅድሚያ ቁጥሩን እንይ። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ (ከዚያ ወዲህ ሌላ አገር አቀፍ ቆጠራ ስላልተደረገ ዛሬም የምንጠቅሰው እሱኑ ነው) ድሬዳዋ 341,834 ነዋሪ ነበራት፤ ከእነዚህ 70.8 በመቶ ሙስሊም፣ 25.7 በመቶ ኦርቶዶክስ፣ 2.8 በመቶ ፕሮቴስታንት፣ 0.4 በመቶ ካቶሊክ ነበሩ። የሐረሪ ክልልም ብዙ አይርቅም፤ ከ183,415 ነዋሪ ሙስሊሙ 69 በመቶ ገደማ፣ ኦርቶዶክሱ 27.1 በመቶ፣ ፕሮቴስታንቱ 3.4 በመቶ ነበር። ስለዚህ የሳቁብዎት ሰው ቁጥሩን አልሳቱም፤ ያኔ የእርስዎ ወገን ሕፃናቱ ሁሉ ተቆጥረው ወደ 9 ሺህ 500 ሰው ነበር።

ይሁንና የምርጫ ውጤት ከከተማው ሕዝብ ጠቅላላ ድምር አይወጣም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት የተወካዮች ምክር ቤት አባል የሚሆነው በምርጫ ክልሉ ከተወዳደሩት ሁሉ አብላጫ ድምፅ ያገኘው ነው፤ ከግማሽ በላይ ማግኘት አይጠበቅበትም። ለምሳሌ ያህል 10,000 ድምፅ የተሰጠበትን አንድ የምርጫ ክልል እናስብ፤ አንዱ ዕጩ 4,100፣ ሁለተኛው 3,900፣ ሦስተኛው 2,000 አገኘ። ከአንደኛው መራጮች 101 ሰዎች ብቻ ወደ ሁለተኛው ቢዞሩ አሸናፊው ይለወጣል፤ መቶ አንድ ሰው ማለት ደግሞ ከአንድ መካከለኛ እድር አባላት የሚበልጥ አይደለም። ይህ ግን ልዩነቱ ጠባብ ሲሆን፣ ሰዎቹም በአንድ የምርጫ ክልል ውስጥ ሲኖሩ ነው። አንዱ ሳቢያን፣ አንዱ ከዚራ፣ አንዱ ለገሐሬ ተበታትነው ከሆነ ወይም አሸናፊው በሰፊ ልዩነት የሚመራ ከሆነ፣ 9 ሺህ ሰው በአንድ ቃል ቢናገርም ድምፁ የድምሩ አካል ከመሆን አያልፍም። ድሬዳዋ በተወካዮች ምክር ቤት ያላት ወንበር ሁለት ብቻ እንደሆነም አይዘንጉ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚከብደው ሌላ ነገር ነው። በእኛ አካባቢ ሕጉም ሆነ የፖለቲካው ልማድ የሚቆጥረው ብሔርን እንጂ ሃይማኖትን አይደለም። ሐረርን ይመልከቱ፦ በዚያው ቆጠራ ሐረሪዎች ከክልሉ ሕዝብ 8.65 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ሆኖም ከክልሉ ምክር ቤት 36 መቀመጫዎች 14ቱን የያዘው የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ የሚመረጠው በሐረሪዎች ብቻ ነው፤ ከክልሉ ውጭ የሚኖሩትም ጭምር ይመርጣሉ። ይህ የኋለኛው ነጥብ ለ2013ቱ ምርጫ ከምርጫ ቦርድ ጋር አከራክሮ፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ለክልሉ ተፈርዶለታል፤ ክልሉም ድምፅ የሰጠው ከብዙው አገር ዘግይቶ መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ነበር። ድሬዳዋም ብትሆን ለዓመታት የተዳደረችው ከተሜው ሁሉ «አርባ አርባ ሃያ» በሚለው ድልድል ነው፤ ከመቶው የሥልጣን ድርሻ አርባው ለኦሮሞ፣ አርባው ለሶማሌ፣ ሃያው ለቀረው። ይህ የፓርቲዎች ስምምነት እንጂ የምርጫ ሕግ አልነበረም፤ ነገር ግን ከብዙ አንቀጽ የበለጠ ሠርቷል ብል አላጋነንኩም።

እንግዲህ በሃይማኖት አናሳ የሆነው ሰው በዚህ ሚዛን ላይ የሚወጣው በሌላ ስሙ ነው። አክስትዎ አማራ ከሆኑ ሐረር ላይ የሚቆጠሩት በ1999 ከክልሉ 22.77 በመቶ ከነበረው ሕዝብ ጋር ነው፤ ኦሮሞ ከሆኑ ደግሞ 56.41 በመቶ በነበረው ውስጥ ገብተው፣ በእምነት አናሳ፣ በብሔር ብዙኃን ይሆናሉ። ጉራጌው በሁለቱም እምነት ውስጥ አለ። በእኔ ግምት «የክርስቲያን ድምፅ» ወይም «የሙስሊም ድምፅ» የሚለው አነጋገር እዚህ አገር ላይ ብዙ የማያስኬደው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሙስሊሙ እንኳ ኦሮሞ፣ ሶማሌ፣ ሐረሪ፣ አርጎባ ሆኖ ምርጫው ይለያያል። ፈረስ መጋላ ላይ ቆሞ የመድኃኔ ዓለምን ደወልና የመስጊዱን አዛን በአንድ ጆሮ የሚሰማ ነጋዴ የሚያስበው ስለ ግብሩና ስለ ሱቁ ኪራይ ነው፤ ዕጩውንም በዚያ ቢመዝነው አልፈርድበትም።

ስለዚህ ተስማምቶ መምረጥ ጥቅም የሚሰጠው፣ ጉዳዩ ምእመናኑን በቀጥታ ሲነካ ነው፤ ለምሳሌ የመቃብር ቦታ ወይም የአምልኮ ቦታ ይዞታ ሲሆን። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለሁሉም ዕጩዎች እኩል ማቅረብ፣ ለአንዱ ተጠቃልሎ ከማደር ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ አንድ ፓርቲ በእጁ እንዳላችሁ እርግጠኛ ከሆነ ደጃችሁን የሚያንኳኳበት ምክንያት አይኖረውምና።

ጥያቄ፦ የሃይማኖት አባቶች እገሌን ምረጡ ማለት ይችላሉ? (ከሐረር፣ ሸዋ በር)

መልስ፦ እንደ ዜጋ የመሰላቸውን ይመርጣሉ፤ በቤተ እምነት ውስጥ የምርጫ ቅስቀሳ ማካሄድ ግን በሕግ የተከለከለ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ይለያል፤ አንቀጽ 38 ደግሞ የመምረጥ መብት በሃይማኖት ልዩነት እንዳይነካ ይደነግጋል። «በሰላም ውጡና ምረጡ» ማለት ምክር ነው፤ ስም ከተጠራ ቅስቀሳ ይሆናል። መራጩ ከመጋረጃው ጀርባ ሲገባ ወረቀቱ ላይ የሚያገኘው የዕጩዎችን ስምና የምርጫ ምልክት ነው፤ ማን እንደመከረው የሚጠይቀው የለም።