ንዴት ሁሉ አንድ አይደለም፦ ስለ ስሜት ቃላት ለወጣቶች

ልጆቼ፣

ዛሬ ጡረተኛ ነኝ። ሥራዬ ግን ጥብቅና ነበር። ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ፣ ከደብረ ሲና እስከ ዓለም ከተማ በየፍርድ ቤቱ ስመላለስ ነው የኖርኩት። ሰው ጠበቃ ውሎው ከአንቀጽ ጋር ብቻ ይመስለዋል። የእኔ ውሎ ግን ይበልጡን ከሰው ስሜት ጋር ነበር። ማን ተናደደ? ምን ያህል? መቼ በረደለት?

የልጅ ልጆቼ ስልካቸው ላይ የምትጻጻፉትን ያሳዩኛል። «በሳቅ ሞትኩ»፣ «አበድኩ»፣ «ፈነዳሁ»፣ «ጨጓራዬን ላጠው»። አልጠላሁትም። የመጨረሻዋንማ እኔም እላታለሁ፣ በተለይ መብራት ሲጠፋ። ቅር የሚለኝ ሌላ ነው። ቡናው ሲቀዘቅዝም «አበድኩ»፣ ፈተና ስታልፉም «አበድኩ» ካላችሁ፣ የእውነት የሚያሳብድ ቀን ሲመጣ ምን ልትሉ ነው?

ፍርድ ቤት ይህ ቀልድ አይደለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ሰው መግደልን በደረጃ ይለየዋል። አስቦበት፣ ተዘጋጅቶ፣ ጭካኔው በሚያስደነግጥ አኳኋን የገደለ ሰው በአንቀጽ 539 ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ይጠብቀዋል። ከባድ የሚያደርገውም የሚያቀልለውም ነገር የሌለበት ተራ ግድያ በአንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። በከባድ ነገር ተቆስቁሶ፣ ሁኔታውን ያየ ሰው ሊረዳለት በሚችል ብርቱ ስሜት ውስጥ ሆኖ የገደለ ደግሞ አንቀጽ 541 አለለት። ቅጣቱ ከ5 ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት ነው።

እንግዲህ ምስክሩ ምን አለ? «ቱግ አለ» ካለ ቁጣው የዚያች ደቂቃ ነው። «ሲበግን ሰነበተ» ካለ ከርሟል። «ጥርሱን ነክሶበት ነበር» ካለማ ነገሩ ወደ ቂም ሄደ። ዳኛ በአንዲት ቃል ብቻ አይፈርድም። ግን የመስቀለኛው ጥያቄ፣ ሌላው ወገን ምስክሩን የሚያፋጥጥበት፣ የሚነሣው ከዚያች ቃል ነው። «በጣም ተናዶ ነበር» የሚል ምስክር ግን ለከሳሽም ለተከሳሽም አይረባም። «በጣም» ስንት ነው?

አንዲት የመንዝ እናት ሲመሰክሩ ሰምቻለሁ። ዐቃቤ ሕጉ «ተከሳሹ ሲወጣ ተቆጥቶ ነበር ወይ?» አላቸው። «ሆዱን በምን አይቼ? ጠላውን ሳይጨርስ ዋንጫውን መሬት አስቀመጠ። ጋቢውን አንሥቶ ወጣ። ደህና እደሩም አላለን። ዱላውን እንኳ በሩ ሥር ትቶት ነው የሄደ» አሉ። የመንዝ ሰው በሌሊት ዱላውን ረስቶ ሲወጣ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አላስፈለገም። ሊማታ አስቦ የወጣ ሰው ዱላውን አይረሳም። ተከላካይ ጠበቃውም ሙግቱን የያዘው እዚያች ዱላ ላይ ነበር።

የስሜትን ልክ መናገር ከባድ ነው አትበሉኝ። ቋንቋችሁ መንገዱን ሰጥቷችኋል፤ ሳትማሩትም ታውቁታላችሁ። «ደንገጥ አለ» ትንሽ ነው። «ድንግጥ አለ» ሌላ ነው። «ፈዘዝ» እና «ፍዝዝ»፣ «ቀዝቀዝ» እና «ቅዝቅዝ»ም እንዲሁ ናቸው። ፊደሎቹ ወደ ሳድስ ሲለወጡ ስሜቱ ይበረታል። «ክው አለ» ግን ለዘብ ያለ መልክ የለውም። ሰው ትንሽ ክው አይልም።

ደስታም ልክ አለው። ፊቱ ፈካ። ጥርሱን መክደን አቃተው። ፈነደቀ። ጮቤ ረገጠ። የሚይዝ የሚጨብጠውን አጣ። ይቺን የመጨረሻዋን ከስደት ለተመለሰ ወንድም አቆዩአት እንጂ ለአዲስ ጫማ አታውጧት።

ማጋነን ነውር ነው አላልኩም። እኛ ሰሜን ሸዋዎች ፉከራና ቀረርቶ ይዘን ይህን ብንል ማን ያምነናል? ሰርግ ላይ «ዘራፍ!» ብሎ የተነሣ ሰው «በመጠኑ ጀግና ነኝ» ቢል ድንኳኑ በሳቅ ይፈርሳል። ለቅሶ ቤት ግን ልብ በሉ። ጎበዝ አልቃሽ «አዘንኩ፣ ተቃጠልኩ» እያለች አትውልም። የሟቹን በሬ በስሙ ትጠራለች፣ እንግዳ ሲመጣበት ምን ይል እንደነበር ታነሣለች። ሰው የሚንሰቀሰቀው ያኔ ነው።

ዐፄ ምኒልክ እዚሁ ደብረ ብርሃን አጠገብ፣ አንጎለላ ነው የተወለዱት። በ1888 ለዓድዋ ያወጁትን ክተት አንብቡት። አገር የሚያጠፋ ጠላት ባሕር ተሻግሮ መጣ ይላሉ። የከብቱን ማለቅ፣ የሰዉን መድከም አይተው እንደ ታገሡ ይናገራሉ። ጉልበት ያለው እንዲከተላቸው፣ የሌለው በሐዘኑ እንዲረዳቸው ይጠይቃሉ። «ደሜ ፈላ» የሚል አንድም ቦታ የለም። ቁጣው ያለው መሐላው ላይ ነው፤ ማርያምን ብለው ምለው፣ ለሚቀር ሰው አማላጅ እንደማይሰሙ ያስታውቃሉ።

አሁን አሁን የሥራ ማመልከቻ ይዘው የሚመጡ ልጆች አሉ። «በታላቅ ጉጉትና በማይገለጽ ደስታ» ብለው ይጀምራሉ። እስክሪብቶዬን አንሥቼ እሰርዘዋለሁ። የማይገለጽ ከሆነ ለምን ጀመራችሁት? በቅርቡ አንዷን «ሥራውን ምን ያህል ትፈልጊዋለሽ?» አልኳት። «አባባ፣ ማስታወቂያውን ለማየት ከደብረ ሲና በሌሊት ነው የተነሣሁት። ጣርማበርን ስናልፍ ገና አልነጋም ነበር» አለችኝ።

ይህንኑ ጻፊው አልኳት። «እንዲህ ዓይነት ነገር ማመልከቻ ላይ ይጻፋል እንዴ?» ብላ ሳቀች። ይጻፋል።